መርከብም ፋብሪካም፦ የጥልቅ ባሕር ነዳጅ ማምረቻ ፈቃድ እንዴት ይገኛል?

ተንሳፋፊ የነዳጅ ማምረቻ መርከብ አራት ሥራዎችን በአንድ ላይ ትሠራለች። ከባሕር ወለል በታች ከተቆፈሩ ጉድጓዶች የሚወጣውን ድፍድፍ በቱቦ ትቀበላለች፤ ከድፍድፉ ጋዙን፣ ውሃውንና አሸዋውን ትለያለች፤ የተጣራውን በሆዷ ታከማቻለች፤ ከዚያም ተራውን ጠብቆ ለሚጠጋት ጫኝ መርከብ ታስተላልፋለች። በሙያው ሰዎች ዘንድ ኤፍፒኤስኦ በሚል ምህጻር ትታወቃለች። የመጀመሪያዋ በ1977 በስፔን የምሥራቅ ጠረፍ ሥራ የጀመረችው “ሼል ካስቴዮን” ነች (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ በብራዚል፣ በአንጎላ፣ በናይጄሪያ፣ በሰሜን ባሕርና በጉያና ጠረፎች ከመቶ በላይ መሰሎቿ ተሰማርተዋል። ውሃው እግር ያለው መድረክ ለመትከል ሲጠልቅ፣ የብሱም ቧንቧ ለመዘርጋት ሲርቅ፣ ኩባንያዎች የሚመርጡት ይህንኑ መንገድ ነው።

ለመንግሥታት ግን ጉዳዩ ቀላል አይደለም። ይህች ተቋም መርከብ ስለሆነች የባሕር ሕግ ይመለከታታል፤ የአካሏ ጥንካሬ፣ ሚዛኗ፣ የሠራተኞቿ ብቃት፣ የነፍስ አድን ጀልባዎቿ ብዛት ይመረመራል። ፋብሪካም ስለሆነች የነዳጅ ሕግ ይመለከታታል፤ የጉድጓዶቹ መዝጊያዎች፣ የቱቦዎቹ ግፊት፣ የጋዝ መጭመቂያዎቹ፣ የእሳት መከላከያው ይፈተሻል። በአንድ ጣሪያ ሥር ብዙ መቶ ሺህ በርሜል ድፍድፍ ተከማችቷል፤ ከላዩ ላይ ደግሞ ተቀጣጣይ ጋዝ የሚያስተናግድ ፋብሪካ ይሠራል፤ ከዚያ ጥቂት ሜትሮች ርቆ ሠራተኞች ይተኛሉ። ከዚህ ሁሉ የትኛው ክፍል የማን ኃላፊነት እንደሆነ አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ አንዱ መሥሪያ ቤት ሌላው አይቶታል ብሎ ያለፈው ቀዳዳ ክፍት ሆኖ ይቀራል። የፈቃድ አሰጣጡ ሥርዓት ትልቁ ፈተና ይህ ነው።

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነው የአሜሪካው የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ነው። በጥልቅ ባሕር ቁፋሮ ቀዳሚ ከሆኑት የዓለም አካባቢዎች አንዱ ሆኖ ሳለ፣ የመጀመሪያዋን የማምረቻ መርከብ ያየው በ2012 ነው፤ ከስፔኗ መርከብ 35 ዓመት ዘግይቶ። በካሊፎርኒያ ጠረፍ ከ1981 እስከ 1994 ለሆንዶ የነዳጅ መስክ ያገለገለች መርከብ ነበረች፤ በባሕረ ሰላጤው ግን እርሷን የተከተለ አልነበረም። ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት የቧንቧ መረብ ነው። ከሉዊዚያናና ከቴክሳስ ጠረፍ የተነሣው የባሕር ወለል ቧንቧ ብዙ ርቀት ስለተዘረጋ፣ ድፍድፍን በመርከብ ማከማቸትና ማጓጓዝ አላስፈለገም። ሁለተኛው በየበጋው የሚመጣው ሃሪኬን ነው። ሦስተኛው የሕዝብ ስጋት ነው፤ በ1989 ኤክሰን ቫልዴዝ የተባለችው ጫኝ መርከብ በአላስካ ካፈሰሰችው ዘይት በኋላ፣ ድፍድፍ የሞላች መርከብ ለዓመታት አንድ ቦታ ታስራ ትቀመጥ ብሎ መጠየቅ ቀላል አልነበረም።

ቁፋሮው እየራቀ ሲሄድ ግን ቧንቧው የማይደርስባቸው መስኮች ተገኙ። በዚያን ጊዜ የባሕር ላይ ነዳጅን የሚቆጣጠረው የማዕድን አስተዳደር አገልግሎት፣ አንድም ማመልከቻ ሳይቀርብለት ጥያቄውን ከሥሩ ለማጥናት ወሰነ። ስሟ ለማይታወቅ፣ ግን ባለ ሁለት ግድግዳ አካል ላላት፣ በባሕር ወለል ለታሰረችና አንድ ሚሊዮን በርሜል ለምትይዝ የአብነት መርከብ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ተካሄደ። ጎን ለጎን በቴክሳስ ዩኒቨርሲቲዎች ሥር ያለ የባሕር ምሕንድስና የምርምር ማዕከል፣ የመርከቧን አደጋ ከሌሎች ሦስት ዓይነት ማምረቻዎች ጋር አነጻጸረ። በ2001 የወጣው ውጤት የብዙዎችን ግምት ያረመ ነበር፤ ሊጠፋ የሚችለው የሰው ሕይወትም ሆነ በአገልግሎት ዘመኗ ሊፈስ የሚችለው ዘይት ከሌሎቹ ጋር ሲተያይ ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ልዩነቱ ያለው በአደጋው ዓይነት ላይ ነው። መርከብ በሚያጓጉዝበት ጊዜ የሚደርሰው ፍሳሽ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም፤ ካጋጠመ ግን መጠኑ ትልቅ ሊሆን ይችላል።

በ2001 መጨረሻ መሥሪያ ቤቱ ይህ አሠራር በባሕረ ሰላጤው መካከለኛና ምዕራባዊ ክፍል በመርህ ደረጃ ተቀባይነት እንዳለው ወሰነ። ውሳኔው ለማንም ፈቃድ አልሰጠም። እያንዳንዱ አመልካች የራሱን ቦታ፣ የራሱን መርከብና የራሱን የአደጋ ዕቅድ ይዞ መቅረብ ነበረበት። ይህ አካሄድ በሌሎች አገሮችም ሊኮረጅ የሚገባው ነው። አንድ ኩባንያ በቢሊዮን የሚቆጠር ገንዘብ አፍስሶ በር ላይ ከቆመ በኋላ መርሁን መከራከር፣ ተቆጣጣሪውን ከሚመረምረው ኩባንያ ጉዳት ጋር ያስተሳስረዋል፤ ገንዘቡ ሳይወጣ የተጠየቀ ጥያቄ ግን በነጻነት ይመለሳል።

በሩን መጀመሪያ ያንኳኳው የብራዚሉ ፔትሮብራስ የአሜሪካ ቅርንጫፍ ነው። ካስኬድና ቺኑክ የተባሉት መስኮቹ ከሉዊዚያና ጠረፍ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው፣ ውሃው ወደ 2,500 ሜትር በሚጠልቅበት ቦታ ይገኛሉ፤ ዘይቱ ያለው ደግሞ ከዚያም በታች ብዙ ሺህ ሜትር ወርዶ ነው። በአቅራቢያው ድፍድፍ የሚወስድ ቧንቧ አልነበረም። ለሥራው የተመረጠችው “ቢደብልዩ ፓዮኒር” ቀድሞ ጫኝ መርከብ የነበረች፣ በሲንጋፖር ወደ ማምረቻነት የተለወጠች ነች። በቀን 80,000 በርሜል የማምረት፣ ከግማሽ ሚሊዮን በርሜል ያላነሰ የማከማቸት አቅም ተሰጥቷታል።

ተቆጣጣሪዎቹን ይበልጥ ያሳሰባቸው የማሰሪያው ጉዳይ ነበር። እንዲህ ዓይነት መርከብ ብዙ ጊዜ በመልህቅ ገመዶች የምትታሰረው በአካሏ ውስጥ ባለ ክብ መዞሪያ ነው፤ መርከቧ እንደ በር በማጠፊያው ላይ፣ ነፋሱና ማዕበሉ ወደሚመጣበት ትዞራለች፤ ቱቦዎቹ ግን አይጠማዘዙም። በሌሎች ባሕሮች አብዛኛውን ጊዜ መዞሪያው ቋሚ ይሆናል። በ2005 ካትሪናና ሪታ የተባሉት ሃሪኬኖች በባሕረ ሰላጤው ከ100 በላይ መድረኮችን ካወደሙ በኋላ ግን፣ የሚመረጠው መዞሪያዋ የሚለቀቅ መርከብ ሆነ። አውሎ ነፋስ ሲቃረብ ጉድጓዶቹ ይዘጋሉ፤ ቱቦዎቹንና ገመዶቹን የያዘው ተንሳፋፊ ማሰሪያ ከመርከቧ ተላቅቆ ከማዕበሉ በታች ይሰጥማል፤ መርከቧ በራሷ ሞተር ትሸሻለች። ነፋሱ ካለፈ በኋላ ተመልሳ ትያያዛለች።

ይህ መፍትሔ አንዱን ስጋት ሲያቃልል ሌሎች ጥያቄዎችን ይወልዳል። ለመለያየት ስንት ሰዓት ያስፈልጋል? ትእዛዙን የሚሰጠው ማን ነው፣ የመርከቧ አዛዥ ወይስ የምርት ኃላፊው? ስትለቀቅ በቱቦዎቹ ውስጥ የቀረው ዘይት ምን ይሆናል? ለብቻው የቀረው ማሰሪያ ማዕበሉን ይቋቋማል? መልሶቹ በወረቀት ብቻ አይበቁም፤ በስሌት፣ በሞዴል ሙከራና በባሕር ላይ በተደረገ ልምምድ መረጋገጥ አለባቸው።

ወረቀቱ የሚሄድበትን መንገድ መረዳት ይጠቅማል። በ1953 የወጣው የውጭ አህጉራዊ መደብ መሬት ሕግ በፌዴራሉ ክልል ያለውን ነዳጅ ለአገር ውስጥ ሚኒስቴር ሰጥቷል። ኩባንያው ቦታውን በጨረታ ከተከራየና ነዳጅ ካገኘ በኋላ የልማት ዕቅድ ያቀርባል፤ ዕቅዱ በአካባቢ ሕግ ይመረመራል፤ የጠረፍ ክልሎችም ከራሳቸው የጠረፍ አስተዳደር ፕሮግራም ጋር መጣጣሙን ያያሉ። ቧንቧዎች፣ የአየር ልቀት፣ ወደ ባሕር የሚለቀቅ ውሃ፣ የዘይት መፍሰስ መከላከያ ዕቅድ፣ ለእያንዳንዱ ለብቻው ፈቃድ ይጠየቃል።

ለጥልቅ ባሕር ዋናው ሰነድ የጥልቅ ውሃ ሥራዎች ዕቅድ የሚባለው ነው። የሚቀርበው በሁለት ደረጃ ነው። መጀመሪያ ኩባንያው ምን ዓይነት ማምረቻ እንደመረጠ፣ ለምን እንደመረጠ፣ ከተለመደው ደንብ የሚለይባቸው አዳዲስ መሣሪያዎች የትኞቹ እንደሆኑ ያስረዳል። ይህ የሐሳብ ደረጃ ካልጸደቀ የጉድጓዱን ራስ በባሕር ወለል መትከል አይቻልም። ንድፉ ሲገፋ ሁለተኛው፣ ዝርዝሩ ይቀርባል፤ እርሱ ካልጸደቀ ምርት አይጀመርም። የአሠራሩ ብልሃት ያለው በሐሳቡ ደረጃ ነው። መሐንዲስ ስህተቱን በወረቀት ላይ ሲያርም የሚጠፋው ጥቂት ሳምንት ነው፤ 2,500 ሜትር ወርዶ ሲያርም ግን ዓመትና ሀብት ያልቃል።

የመንግሥት ሠራተኛ ብቻውን ሁሉንም ስሌት ሊደግም አይችልም። ስለዚህ ደንቡ የውጭ አረጋጋጭ ያስገድዳል። ኩባንያው ብቃት ያለው መሐንዲስ ድርጅት ያጫል፤ መንግሥት ያጸድቀዋል፤ አረጋጋጩ ንድፉን፣ ግንባታውንና ተከላውን ደረጃ በደረጃ ይፈትሽና ሪፖርቱን ያቀርባል። የሚፈትሸውን ነገር ራሱ የነደፈ ሊሆን አይችልም። በዚህ መንገድ ማሰሪያው፣ መዞሪያውና መወጣጫ ቱቦዎቹ በሁለተኛ ዓይን ይታያሉ። የመርከቧን አካል ደግሞ የምደባ ድርጅቶች፣ ማለትም ለዘመናት የመርከቦችን ጥንካሬ ሲመሰክሩ የኖሩት እንደ ሎይድስ ሬጅስተርና የአሜሪካ የመርከብ ቢሮ ያሉት ይመረምራሉ። ገንዘቡን የሚከፍለው ተመርማሪው ኩባንያ መሆኑ የዚህ ሥርዓት ደካማ ጎን ነው፤ የመንግሥት ይሁንታ አስፈላጊ የሆነውም ለዚህ ነው።

ከዚያ የባሕር ጠረፍ ጥበቃ አለ። በስምምነት በተከፈለው ሥራ መሠረት የመርከቧ አካል፣ ሚዛን፣ ነፍስ አድን መሣሪያ፣ የመኖሪያው ክፍል እሳት መከላከያና ዘይት ማስተላለፊያው በአመዛኙ ለእርሱ፣ የጉድጓዱና የምርት መሣሪያው ለአገር ውስጥ ሚኒስቴሩ ቢሮ ተሰጥቷል። የክፍፍሉ ዝርዝር እያንዳንዱን ፓምፕና ማንቂያ ደወል እየጠራ የሚሄድ አሰልቺ ሰንጠረዥ ነው። የሰው ነፍስ የሚድነው ግን ብዙ ጊዜ በእንዲህ ያለ ሰንጠረዥ ነው።

የተከማቸው ዘይት ወደ የብስ የሚሄድበትም መንገድ የራሱ ሕግ አለው። በ1990 የወጣው የዘይት ብክለት ሕግ ዘይት የምትጭን መርከብ ባለ ሁለት ግድግዳ እንድትሆን ደንግጓል። ጆንስ አክት የሚባለው የ1920 ሕግ ደግሞ በሁለት የአሜሪካ ነጥቦች መካከል ጭነት የምታመላልስ መርከብ በአሜሪካ የተሠራች፣ የአሜሪካን ሰንደቅ የምታውለበልብና በአሜሪካውያን የምትንቀሳቀስ እንድትሆን ያዛል። የማምረቻዋ መርከብ በባሕር ወለል ስለታሰረች እንደ አንድ የአሜሪካ ነጥብ ትቆጠራለች። በመሆኑም ፔትሮብራስ ከውጭ ርካሽ ጫኝ መከራየት አልቻለም፤ ለካስኬድና ቺኑክ የተመደቡት አመላላሾች ሕጉን የሚያሟሉ ነበሩ። ይህ ሕግ በዘመኑ ሲወጣ ማንም ስለጥልቅ ባሕር ነዳጅ አላሰበም፤ የፈቃድ ሥራ አድካሚ የሚሆነው ለሌላ ዓላማ የወጡ አሮጌ ሕጎች በአዲስ ነገር ላይ ሲያርፉ ነው።

ጋዙም ችላ አይባልም። ከዘይት ጋር የሚወጣውን ጋዝ በእሳት ማቃጠል ቀላሉ መንገድ ነው፤ የአሜሪካ ደንብ ግን ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ይከለክለዋል። ስለዚህ ድፍድፉ በመርከብ ቢሄድም ጋዙ በቧንቧ እንዲሄድ ያስፈልጋል። ትንሿ ጉያና በዚህ ረገድ ዋጋ ያለው ትምህርት አግኝታለች። የመጀመሪያዋ መርከብ “ሊዛ ዴስቲኒ” በ2019 መጨረሻ ምርት ከጀመረች በኋላ የጋዝ መጭመቂያዋ ተደጋጋሚ ብልሽት ገጠመውና ጋዝ በብዛት ተቃጠለ። የአገሪቱ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በ2021 ፈቃዱን አሻሽሎ፣ ከተፈቀደው ጊዜ በላይ ለሚቃጠል ጋዝ ክፍያ ጣለ።

የፔትሮብራስ ሰነድ በምርመራ ላይ እያለ ሚያዝያ 20 ቀን 2010 ዲፕ ዋተር ሆራይዘን የተባለው የቁፋሮ መድረክ ፈነዳ። 11 ሰዎች ሞቱ፤ የማኮንዶ ጉድጓድ ለ87 ቀናት ዘይት አፈሰሰ። መድረኩ የማምረቻ መርከብ አልነበረም፤ አደጋው ግን ተቆጣጣሪውን ራሱን ለፍርድ አቀረበ። የማዕድን አስተዳደር አገልግሎት ገቢ የሚሰበስብም፣ ቦታ የሚያከራይም፣ ደኅንነት የሚቆጣጠርም ነበር፤ ሦስቱ ዓላማዎች እርስ በርስ ይጋጫሉ። መሥሪያ ቤቱ ፈረሰ። ገቢ መሰብሰቡ ተለየ፤ ከጥቅምት 2011 ጀምሮ የማከራየትና የዕቅድ ሥራው ለውቅያኖስ ኃይል አስተዳደር ቢሮ፣ ቁጥጥሩ ለደኅንነትና አካባቢ ማስከበሪያ ቢሮ ተሰጠ። ኩባንያዎችም ከዚያ ወዲህ ጉድጓዳቸው ከቁጥጥር ቢወጣ በከፋ ሁኔታ ስንት ሊፈስ እንደሚችል ማስላትና በጥልቅ ውሃ ውስጥ የሚዘጉበትን መሣሪያ ከየት እንደሚያመጡ ማሳየት ግድ ሆነባቸው። ተጽፎ የሚተገበር የደኅንነት አስተዳደር ሥርዓትም ግዴታ ሆነ።

በዚህ ሽግግር መካከል፣ በመጋቢት 2011፣ ለካስኬድና ቺኑክ የምርት ፈቃድ ተሰጠ። ፈቃዱ ሲገኝ ግን ምርቱ ወዲያው አልጀመረም። በዚያው ወር የአንደኛው መወጣጫ ቱቦ ማንሳፈፊያ ታስሮበት የነበረው ሰንሰለት ተበጠሰ፤ ማንሳፈፊያው ተነጥሎ ወጣ። በቱቦው ውስጥ ዘይት ስላልነበረ ጉዳቱ በመሣሪያና በጊዜ ብቻ ተወሰነ። የመጀመሪያው ዘይት የተመረተው በየካቲት 2012 ነው። በ2016 ሼል በስቶንስ መስክ “ቱሪቴላ” የተባለችውን ሁለተኛዋን መርከብ ወደ ሥራ አስገባ፤ ውሃው 2,900 ሜትር ያህል የሚጠልቅበት ቦታ ሲሆን በጊዜው ከማንኛውም ማምረቻ የላቀ ጥልቀት ነበር። እርሷም የሚለቀቅ መዞሪያ አላት። የፊተኛዋ ያለፈችበት መንገድ ለኋለኛዋ ጥርጊያ ሆኖላታል።

የአሜሪካው አሠራር በዝርዝር ደንብ ላይ ያዘነብላል። በአውሮፓ የተለየ አስተሳሰብ አለ። በ1988 በስኮትላንድ ጠረፍ ፓይፐር አልፋ የተባለው መድረክ ተቃጥሎ 167 ሰዎች ካለቁ በኋላ፣ በሎርድ ከለን የተመራው ምርመራ 106 ምክረ ሐሳቦችን አቀረበ። ከዚያ የመነጨው ሥርዓት ኩባንያው ራሱ አደጋዎቹን ለይቶ፣ መከላከያውን አሳይቶ፣ የደኅንነት መከራከሪያ የሚባል ሰነድ እንዲያቀርብ ያስገድዳል፤ ተቆጣጣሪው ሰነዱን ካልተቀበለ ሥራ የለም። ኖርዌይም ግብ አስቀምጣ መንገዱን ለኩባንያው ትተዋለች። ብራዚል የአካባቢ ፈቃዱን በሦስት ትከፍለዋለች፤ ለቦታውና ለሐሳቡ፣ ለተከላው፣ ለሥራው። ዝርዝር ደንብ ለመቆጣጠር ይመቻል፤ ሆኖም ደንቡ ያላሰበውን አዲስ መሣሪያ አያይም። ግብ ተኮሩ ደግሞ ያስተውላል፤ የሚጠይቀው ግን በእውቀት ከኩባንያው የማያንሱ ተቆጣጣሪዎችን ነው፤ እነርሱን አሠልጥኖና ተገቢ ደመወዝ ከፍሎ ማቆየት ደግሞ ለብዙ መንግሥታት ደንብ ከማውጣት ይከብዳል።

ፈቃድ ያላት መርከብም ትፈነዳለች። የካቲት 11 ቀን 2015 በብራዚል ጠረፍ “ሲዳዴ ዲ ሳኦ ማቴውስ” በተባለችው የማምረቻ መርከብ ፓምፕ ክፍል ውስጥ ጋዝ ፈነዳና 9 ሰዎች ሞቱ፤ 26 ቆሰሉ። የአገሪቱ የነዳጅ ተቆጣጣሪ ባካሄደው ምርመራ፣ መርከቧ ስትነደፍ ያልታሰበ ፈሳሽ በጎተራዎቿ ይከማች እንደነበር፣ ለግፊቱ የማይመጥን መዝጊያ ሰሌዳ በቧንቧው ላይ እንደተገጠመ፣ የጋዝ ማንቂያ ከጮኸ በኋላም ሠራተኞች በተደጋጋሚ ወደ ክፍሉ እንደተላኩ ተገልጿል። ከእነዚህ አንዱም በመጀመሪያው ፈቃድ ሰነድ ላይ አልነበረም። በሥራ ላይ እያለች የሚደረግ ትንሽ ለውጥ ሁሉ ተመዝግቦ፣ ተመርምሮ እንዲጸድቅ የሚያዘው ደንብ የሚኖረው ለዚህ ነው።

ቁጥጥሩ ጭራሽ ሲቋረጥ የሚሆነውን ቀይ ባሕር አሳይቷል። በ1976 የተሠራችውና በየመን ጠረፍ የታሰረችው “ሴፈር” የማከማቻ መርከብ ነች፤ ከማምረቻዎቹ የምትለየው ፋብሪካ ስለሌላት ነው። በአገሪቱ ጦርነት ከተስፋፋበት ከ2015 ጀምሮ ጥገናዋ ተቋረጠ፤ ከ1.1 ሚሊዮን በርሜል በላይ ድፍድፍ በዛገ አካሏ ውስጥ ቀረ። ብትሰነጠቅ ኖሮ ጉዳቱ የየመንን ዓሣ አጥማጆች አልፎ ወደ ኤርትራና ጅቡቲ ዳርቻዎች፣ የኢትዮጵያ ገቢና ወጪ ዕቃ ወደሚመላለስበት የባሕር መንገድ ሊደርስ ይችል ነበር። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የማጽጃ ወጪውን 20 ቢሊዮን ዶላር ገምቶ ነበር። በነሐሴ 2023 ዘይቱን ወደ ሌላ መርከብ መገልበጡ ተጠናቀቀ፤ ሥራውም ለማጽጃ ከተገመተው በጣም ባነሰ ገንዘብ ተከናወነ።

የማስወገጃው ወጪ ማን ላይ ይወድቃል የሚለውም ከመጀመሪያው የሚጠየቅ ጥያቄ ሆኗል። በአውስትራሊያ ቲሞር ባሕር “ኖርዘርን ኢንዴቨር” የተባለች መርከብ፣ ተቆጣጣሪው በ2019 በደኅንነት ምክንያት ካስቆማት በኋላ ባለቤቷ ኩባንያ ከሰረ። መርከቧንና ጉድጓዶቹን የማጽዳት ኃላፊነት በመንግሥት ላይ ወደቀ፤ መንግሥትም ወጪውን ለመሸፈን በ2022 በባሕር ላይ ነዳጅ አምራቾች ሁሉ ላይ በበርሜል 48 የአውስትራሊያ ሳንቲም ቀረጥ ጣለ። ዛሬ አንዳንድ ተቆጣጣሪዎች አመልካቹ መርከቧን የሚያስወግድበትን፣ ጉድጓዶቹን በሲሚንቶ የሚደፍንበትን ገንዘብ ማስያዣ ገና ምርት ሳይጀመር ይጠይቃሉ፤ መስኩ ለሌላ ኩባንያ ሲሸጥም ገዢው የገንዘብ አቅሙን እንዲያሳይ ያደርጋሉ፤ የአውስትራሊያ ሕግም ተሻሽሎ፣ አዲሱ ባለቤት ሥራውን መወጣት ካልቻለ የቀድሞው ባለቤት ተመልሶ እንዲጠየቅ አድርጓል።